ቢጫዋ ገመድና የአምደወርቁ ሽምግልና

ዛሬ አማቴ ይሆናሉ ብዬ የምመኛቸው ሰው መኪናዬን ገፉ።

አዎ፣ በሁለት እጃቸው! የእሁድ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጠቅልለው፣ ከኋላ ሆነው ገፉ።

እሱ እንኳ ቀላሉ ነው። ዋናው ጉድ የመጣው መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ነው። ነገ ከሰው አፍ ተጣምሞ ከምትሰሙት ዛሬ ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። ከአምደወርቅ ሰቆጣ ወሬ ከሚኒባስ ቀድሞ ነው የሚገባው።

ለማታውቁኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ሰቆጣ ተመድቤ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አንዲት አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል አለችኝ። ላገባት የምፈልጋት ልጅም አለችኝ፣ ዝናሽ ትባላለች። ሰቆጣ ታስተምራለች፣ ቤተሰቦቿ ግን አምደወርቅ ናቸው። ገና ስንጀምር ነው የነገረችኝ፤ አባቷ እምቢ ካሉ እሷም እምቢ ናት። ቁርጥ ያለ ነገር ነው።

ዛሬ ሽማግሌ የላክሁት እኚሁ አባት ዘንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለፌዝ የሚሆን ቀን አልነበረም።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከካሜራው ነው።

ባለፈው ወር ገበያው አጠገብ አንድ ባጃጅ የፊት መብራቴን ሰብሮ ሲያበቃ ወርዶ እኔኑ ከሰሰኝ። "አንተ ነህ የመጣህብኝ" አለ። ቆሜ ነበር እኮ! ሞተሩ ጠፍቶ፣ እኔ ወርጄ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር! ምስክር ግን የለኝም። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የባጃጁን ልጅ ከነእናቱ ያውቀዋል። እኔን የሚያውቀኝ ሽንኩርት ሻጯ ናት፤ እሷም ተከራክሬያት ስለነበር ዝም አለች።

ያን ቀን ማልኩ። ዳሽ ካሜራ! መስታወቱ ላይ ተለጥፎ መንገዱን የሚቀርጽ፣ መኪናው ቆሞ እንኳ የማይተኛ። ከእንግዲህ ማስረጃ ይኖረኛል።

ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በሰው ላከልኝ። ሳሙና የምታክል ካሜራ ናት፤ ከኋላዋ ስክሪን አላት፣ ድምፅም ትቀርጻለች። አብረዋት ሦስት ገመዶችና አንዲት ጥቁር ሳጥን መጡ። ገመዶቹ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው።

አሁን አዋቂ መስዬ ላስረዳችሁ፤ የተማርኩት ዛሬ ከሰዓት ነው። ቀዩ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ፊውዝ ላይ ይገባል። ጥቁሩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ቢጫው ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ፊውዝ ላይ ይገባል። ለካሜራዋ "መኪናው ቆሟል፣ አንቺም ቀስ በይ" ብሎ የሚነግራት እሱ ነው። ሳጥኗ ላይ ደግሞ ባትሪው ሲደክም ካሜራዋን የምታጠፋ ትንሽ ማብሪያ አለች።

ቀላል ነው አይደል?

ሰቆጣ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ "ሰኞ አምጣት" አለኝ። ሰኞ! እኔ እሁድ ሽማግሌዎቼ ካሜራዋን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፣ እሱ ሰኞ ይለኛል።

ዝናሽ ደግሞ "አባቴን ጠይቅ" አለችኝ። አባቷ አያ ካሳ ከወልድያ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ጽጽቃ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በዚያ መንገድ ጥጋጥጉን ጋራዥ አድርገው፣ የተበላሸውን ራሳቸው እየጠገኑ ነው ጡረታ የወጡት። ገና ሽማግሌ ያልላክሁባቸውን ሰው ስለ ፊውዝ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ ተከራከርኳት።

ውሸቴን ነው። ነውር ፈርቼ አይደለም። ዲግሪ ያለኝ ሰው እንዴት ጡረተኛ ሾፌር ልጠይቅ ብዬ ነው የታበይኩት። እንግዲህ ልንናዘዝ ከሆነ በደንብ እንናዘዝ።

አርብ ከሥራ ወጥቼ ዩቲዩብ ከፈትኩ። ህንዳዊ የሚመስል ሰውዬ በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። እኔ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ከመሪው ሥር ተጋድሜ አንገቴ ተጣመመ። ለቀዩ የሚሆን ፊውዝ አገኘሁ። ለቢጫው የሚሆነውን ግን ያለ ቴስተር፣ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ መፈተሻ፣ ማወቅ አይቻልም፣ ቴስተር ደግሞ የለኝም።

ምን አደረግኩ?

ቢጫውን ከቀዩ ጋር ጠመዘዝኩትና በናስትሮ ፕላስተር ጠቀለልኩት! ካሜራዋ ቦግ አለች። ለራሴ አጨበጨብኩ። ባትሪ ሲደክም የምታጠፋውንም ማብሪያ "ካሜራዬ ለምን ትጠፋብኛለች?" ብዬ ዘጋኋት።

ቁልፉን ነቀልኩ። ካሜራዋ አልጠፋችም። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። እኔ ኮራሁ።

ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ የአከራዬ ግቢ ውስጥ ቆማ የአከራዬን ዶሮዎች ስትቀርጽ ከረመች። ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ብቻ አለች። ደግነቱ ግቢው ቁልቁለት ነው፤ አንደርድሬ በሁለተኛ ማርሽ አስነሳኋት። አከራዬ አያ ሲሳይ ምን ሆና ነው ሲሉኝ ብርድ ነው አልኳቸው። ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አያ ሲሳይ፣ የንስሐ አባቴ ቄስ ፈንታውና የቢሮ ኃላፊዬ አቶ መኮንን።

መቼም ሽማግሌ ሲላክ ላኪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን አዲሷን ካሜራዬን ለሌላ ሾፌር አደራ ልሰጥ? በፍጹም! እኔው ልነዳ፣ ከቤቱ ራቅ ብዬ ልደበቅ ተስማማን። ድንገት ሰው ካየኝ ሾፌር ነኝ።

መንገዱን ሁሉ ወሬው ደራ። አያ ሲሳይ ስለ አምደወርቅ ሰው ያልተናገሩት የለም። አቶ መኮንን ደግሞ የበላይ አለቆቻቸውን አንድ በአንድ ስም እየጠሩ አነሱ። ካሜራዋ በጸጥታ ቀይ መብራቷን ታበራለች። ይህን ያዙልኝ።

ከአያ ካሳ ቤት በታች ባህር ዛፍ የከበበው ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከላይ የሚያይ ሰው አያየኝም ብዬ እዚያ ውስጥ አቆምኳት። መደበቂያነቱ ግሩም ነው። ለአንድ ደካማ ባትሪ ግን ከዚያ የባሰ ቦታ ዋግ ኽምራ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ በየትም በኩል ዳገት ነው።

ሽማግሌዎቹ ወጡ። እኔ ቀረሁ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ስልኬን ቻርጅ ሰካሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ጭንቀቴ ሲብስ ማራገቢያውንም ለቀቅኩ። ባትሪው ራሱ ጡረታው የደረሰ ነበር። አላዘንኩለትም።

በመሃል ዝናሽ ከሰቆጣ ደወለች። ጠዋት መኪናዋ እንዳልተነሳች ሳወራላት "ካሜራዋ እንዳትሆን፤ አሁንም አልረፈደም፣ አባቴን በዘዴ ልጠይቅልህ" አለችኝ። የመለስኩላትን አሁን አልነግራችሁም። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ሰው ይሰማዋል።

አራት ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ድምፅ ሰማሁ። ሲወርዱ ፊታቸው በርቷል! ኋላ እንደነገሩኝ ነገሩ እንደ ወጉ ነው የሄደው። ተቀመጡ ቢባሉ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አያ ካሳ ዘር ጠየቁ፣ ሥራ ጠየቁ፣ ጠባይ ጠየቁ። አያ ሲሳይ እኔን ሲያሞግሱ ሌላ ሰው የሚያሞግሱ ይመስል ነበር አሉኝ ሌሎቹ። አያ ካሳም ዘመድ ላማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በእኛ አገር ይህ እሺ ማለት ምንም አይቀረውም። ከዚያ ምግብ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ።

ችግሩ አያ ካሳ እንግዳ ሳይሸኙ የማይመለሱ ሰው መሆናቸው ነው። አይድከሙ ቢሏቸው አይሆንም ብለው እስከ መኪናዋ ድረስ መጡ።

ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ።

ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ እንኳ ቀረ።

አያ ካሳ መስኮቱ ጋ ጎንበስ አሉ። ሾፌሩ ማነው ብለው ጠየቁ። አያ ሲሳይ ፈጠን ብለው የቢሮ ሾፌር ነው አሉ። ቄስ ፈንታው መዋሸትም እውነቱን መናገርም ስላልፈለጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አያ ካሳ ወደ ላይ፣ ወደ ጎረቤቶቻቸው ቤት ዞረው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ጮክ ብለው ተጣሩ። ስምንት ሰው ወረደ። ዘጠነኛው እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቼም፣ ቄሱም ኃላፊዬም ሳይቀሩ፣ ወርደው ገፉ። እኔ ብቻ፣ የሁሉም ታናሽ፣ መሪ ይዤ ተቀመጥኩ! በኋላ ማሳያው መስታወት የዝናሽን አባት አያቸዋለሁ። ጥርሳቸውን ነክሰው ይገፋሉ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያኔ ወርጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ኖሮ ሁሉም ነገር በሳቅ ያልፍ ነበር።

አልወረድኩም። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፣ ተነሳች።

ሰዉ ተደሰተ። አያ ካሳ ጋቢያቸውን እያራገፉ መጡና "አታጥፋው፣ ትንሽ ይሙላ" አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው ካሜራዋ ላይ አረፈ። ገመዷን ተከትለው ወረዱ። ከመሪው ሥር የጠቀለልኩትን የናስትሮ ኳስ አዩ።

"ይህን ማን ነው የሠራው?" አሉ።

አያ ሲሳይ መቼ ዝም ብለው! ሽምግልናቸው አላለቀም እኮ። "ልጁ ነው። ይህን እንኳ ለሠራተኛ ሳይሰጥ በራሱ እጅ ነው የሠራው። እጀ ብልህ ነው ያልነዎት ለዚህ ነው" አሉ።

መሬት ብትከፈት ደስ ብሎኝ በገባሁ ነበር።

አያ ካሳ ወደ ካሜራዋ ተመለሱ። ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ብለው የስክሪኗን መሃል ቁልፍ ጫን አደረጉት። የተቀረጸውን የምታጫውተው ቁልፍ እሷ ናት፤ ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ መርጣ ያመጣችው ደግሞ ብቻዬን ስጠብቅ የቀረጸችውን ነው።

ስክሪኑ ላይ ባህር ዛፍ መጣ። ድምፁ ግን የኔ ነው።

"አባትሽ? አባትሽ ስለዚህ ምን ያውቃሉ ዝናሽዬ? የእሳቸው ዘመን መኪና ማኒቬላ በእጅ ዘውረው የሚያስነሱት ነው። እሳቸውን ባማክር ካሜራዋን በጠፍር ጠፍረው ነው የሚሰጡኝ..."

ደነገጥኩ። እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ። ካሜራዋ ትጥፋ ብዬ አዞርኩት!

ሞተሩ ጠፋ።

ካሜራዋ አልጠፋችም! በምን ትጥፋ? ቢጫዋን ከቀይዋ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ! ሞተር ማስነሳት ያቃተው ባትሪ እሷን ግን ይቀልባታል። የሞተሩ ጫጫታ ስለቀረ ደግሞ ድምፄ ጥርት ብሎ ቀጠለ።

"...ይልቅ እሳቸው ልጃቸውን ይስጡኝና ስለ ኤሌክትሪክ እኔ አስተምራቸዋለሁ። እኔ የነካሁት ነገር ተበላሽቶ ያውቃል?"

ከዚያ አንዱ ጎረቤት አማርኛው በደንብ ላልገባቸው አንድ አዛውንት ሁሉንም በኽምጣንጋ ተረጎመላቸው። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያስቀር። አዛውንቱ ሰምተው ሲጨርሱ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ለሳቁ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

አያ ካሳ አልሳቁም። ፊቴን ከኮፍያው ሥር ፈልገው አዩኝ።

"ድምፅህ ደህና ይሰማል" አሉ። "ውረድ።"

ወረድኩ። እሳቸው ከጋቢያቸው ሥር፣ ከኮት ኪሳቸው፣ ጫፉ ላይ አምፖል ያለው የመኪና ቴስተር አወጡ። እሁድ ቀን! ሽማግሌ ሊቀበሉ ለብሰው! እጄ ላይ አስቀመጡት።

"በል አስተምረኝ" አሉኝ። "ቢጫው የት ነው የሚገባ?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

አፈርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ግን ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከተናገርኩት ውስጥ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ገመዱን አንዴም አልነኩትም። ተንበርክኬ እያንዳንዱን ፊውዝ በቴስተሩ እንድነካ አዘዙኝ፣ ቁልፉ በርቶ፣ ከዚያ ቁልፉ ጠፍቶ። ሲበራ የሚበራ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ ሳገኝ የሬዲዮው ፊውዝ ሆነ። ቢጫውን ወደዚያ አዛወርኩት። የዘጋኋትን ማብሪያ መልሼ ከፈትኩ። ቁልፉን ነቀልኩ፤ የካሜራዋ ስክሪን ጨለመ። ሦስት ሰዓት የፈጀብኝን ሥራ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አሠሩኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቄስ፣ ኃላፊና አከራይ ፀሐይ ላይ ቆመው ያዩኛል።

ከዚያ?

ከዚያማ መኪናዋ እንደገና መገፋት ነበረባት! ራሴ አጥፍቻት የለ! አያ ካሳ ጋቢያቸውን እንደገና ጠቀለሉ። ይተዉ ብዬ ለመንኳቸው፣ አልሰሙኝም። አሁን የገፊው ቁጥር ጨምሯል፤ የሰማ ሁሉ ወርዷል።

ስትነሳ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ መስኮቱ መጡ። የካሜራዋን ትንሽ ሚሞሪ ካርድ በጥፍራቸው ጫን አድርገው አወጡና ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ስለ ካሜራ ምንም አያውቁም ያልኳቸው ሰው!

"ሾፌር አይደለህ?" አሉኝ። "ለላከህ ልጅ እንዲህ ብለህ ንገረው። ቀጠሮው እንዳለ ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ቅዳሜ እሱ ብቻውን ይምጣ። ግቢዬ ውስጥ የቆመ መኪና አለኝ፣ ገመዱ አልቋል። ከእኔ ጋር ይዘረጋዋል። ሲሠራ እጁን አላይም፤ ሲነገረው ይሰማ እንደሆነ ነው የማየው። ካርዱ እስከዚያ እኔ ዘንድ ይቆያል።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ደረስን። አቶ መኮንን ካሜራዋ ድምፅ መቅረጽ የጀመረችው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከአርብ ጀምሮ አልኳቸው።

"ጠዋት ስንመጣ ያወራነውስ?"

እሱም ካርዱ ላይ አለ አልኳቸው። አያ ሲሳይ መስቀል ያስነኩኝ ብለው ወደ ቄስ ፈንታው ጎንበስ አሉ። ቄሱ ጠዋት ሙሉ መንገዱን አንቀላፍተው ስለነበር ከአራታችን መሃል ልባቸው የረጋው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰቆጣ ስገባ ለዝናሽ ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልል "ሰማሁ" አለችኝ። ከሚኒባስ ይቀድማል ብያችሁ አልነበር? ሁለት ነገር ነው ያስከፋኋት። አባቷን ናቅሁ፣ እሷንም አልሰማሁም። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይህኛው እንኳ አለመቀረጹ ቆጨኝ።

"ቅዳሜ ስትሄድ ጠይቀው" አለችኝ በመጨረሻ። "የምታውቀውን ነገር ቢሆንም ጠይቀው። አባቴ መጠየቅ ይወዳል።" ከዚያ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። ወይም መስሎኝ ነው።

ስለዚህ የኔ ጌቶች፣ የዛሬ ውሎዬ ይህን ይመስላል። ካሜራ ያስገባሁት ከባጃጅ ጋር ስጣላ ማስረጃ እንዲኖረኝ ነበር። ማስረጃው በደንብ ተገኝቷል፤ አምደወርቅ፣ የአያ ካሳ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ተከሳሹ እኔ ነኝ፣ ምስክሩም እኔ ነኝ፣ ፍርዱ ቅዳሜ ነው።

"ቪዲዮውን ልቀቀው" እያላችሁ ኢንቦክስ ልታጨናንቁኝ ያሰባችሁ፣ እሳቸውን ጠይቁ! መጠየቅ ይወዳሉ ተብሏል።

እኔ ግን አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቃችሁ። አዎ፣ ተምሬያለሁ፣ እየጠየቅኩ ነው። ቅዳሜ አማት ቤት ልሄድ ነው፣ ግን ከመኪና ሥር ልተኛ ነው። ሱፍ ልልበስ ወይስ ቱታ?